ዳሽቦርዱ ላይ 148,000 ማይል ሲነበብ

ቅዳሜ ጠዋት በሰሜን ቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ካሉት ያገለገለ መኪና ዲለሮች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ተመሳሳይ ነው። መኪኖቹ ታጥበዋል፤ ጎማቸው ሳይቀር ቅባት ጠጥቶ ያብረቀርቃል፤ ዋጋቸው የፊት መስታወት ላይ በትልልቁ ተጽፏል። ከመካከላቸው አንድ የ2014 ካምሪ ዓይን ሳበ እንበል። ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ወንበሩ አልተቀደደም፣ ዋጋውም አይከብድም። የሚያሳስበው ዳሽቦርዱ ላይ የሚነበበው 148,000 ማይል ነው። በኪሎ ሜትር ማሰብ ለለመደ ሰው ወደ 238,000 መሆኑ ነው።

ይገዛ ወይስ ይተው? ብዙ ሰው መልሱን ከዚያው ቁጥር ይፈልጋል። 100,000 ያለፈ መኪና አልነካም የሚል አለ፤ ቶዮታ ከሆነ ምንም ቢሄድ ግድ የለም የሚልም አለ። ሁለቱም አነጋገር ገንዘብ ያስከፍላል። ውሳኔውን ሊሰጡ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ማይሉ በምን ዓይነት መንገድና አያያዝ እንደተጠራቀመ፣ ይህን የሚያሳየው ማስረጃ፣ ገዢው ለጥገና ያስቀረው ገንዘብ።

ሥራው የሚጀምረው ቤት ውስጥ፣ በገንዘቡ ነው። 8,000 ዶላር የያዘ ሰው 8,000 ዶላር የተለጠፈበትን መኪና መግዛት አይችልም። በቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው። ከዚያ ዲለሩ ፕሮሰሲንግ ፊ ብሎ የሚጨምረው አለ፤ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ታይትልና ታርጋ፣ የኢንሹራንስ የመጀመሪያ ክፍያም ይከተላሉ። ማይሉ ለበዛ መኪና በዚህ ሁሉ ላይ ቢያንስ 1,500 ዶላር ለጥገና ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ባትሪና አንድ ያልታሰበ ብልሽት በመጀመሪያው ዓመት ሊመጡ ይችላሉና። ስለዚህ 8,000 ዶላር የያዘ ሰው የሚፈልገው መኪና የተለጠፈበት ዋጋ ከ6,000 በታች መሆን ይኖርበታል። ዲለሩንም ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ታክስና ፊ ሁሉ ተደምሮ ስንት እንደሆነ ነው፤ መልሱም በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ ማይሉን በዕድሜው ማካፈል ነው። አንድ መኪና በአሜሪካ በዓመት ከ12,000 እስከ 15,000 ማይል ቢሄድ የተለመደ ነው። 7 ዓመት ያገለገለ መኪና 140,000 ማይል ካሳየ በዓመት 20,000 ሄዷል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የታክሲ፣ የኡበር ወይም ከሩቅ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው መኪና ነው። በታክሲውና በተመላላሹ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። በሃይዌይ ላይ አንዴ ሞቆ ሳይቆም 40 ማይል የሚሄድ ሞተር ብዙም አይጎዳም። ዲሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እየቆመ የሚነሳው፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ ሞተሩ ሳይጠፋ ሰዓት የሚገፋው ግን ብዙ ሥራው በማይል አይቆጠርም። የቆመ ሞተር ይሠራል፤ ቆጣሪው ግን አይንቀሳቀስም።

ሞዴሉ ከማይሉ እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ ይመዝናል። ከ2007 እስከ 2009 የወጣው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ ዘይት በመጠጣት ይታወቃል፤ ያ የ2014ቱ ካምሪ 2.5 ሊትር ሞተር ችግር አይደለም። ቪ6 ሞተር ያላቸው ሆንዳ ኦዲሲና ፓይለት ታይሚንግ ቤልታቸው ወደ 100,000 ማይል ገደማ መቀየር አለበት፤ አገር ቤት ያሉ መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት ነው። ካልተቀየረና ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ 120,000 የሄደ ኦዲሲ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ ቺንጋው የተቀየረበት ደረሰኝ የት አለ የሚል ነው። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቆጠራል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ኒሳን የ2013–2016 አልቲማ ሲቪቲ ካምቢዮ ላይ ቅሬታ በዝቶ ዋስትናውን ወደ 7 ዓመት ወይም 84,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የእነዚያ ዓመታት አልቲማ ያንን ገደብ አልፏል፤ ካምቢዮው ቢበላሽ ወጪው የገዢው ብቻ ነው። ከ2011 እስከ 2019 ባሉት የሃዩንዳይ ሶናታና የኪያ ኦፕቲማ ሞዴሎች ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ሞተሩ ለሪኮልና ለክስ ስምምነት ምክንያት ሆኗል፤ ሪኮሉ መሠራቱ ሳይረጋገጥ ስለ ዋጋ ማውራት አይገባም። በአሽከርካሪዎቻችን ዘንድ የሚወደደው ፕሪየስም የራሱ ሒሳብ አለው። ከ2020 በፊት ለወጡት የሃይብሪድ ባትሪው ዋስትና በብዙ ግዛቶች 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበር። ከዚያ ያለፈው ፕሪየስ ሲገዛ የባትሪ መቀየሪያ ከመኪናው ዋጋ ላይ ተደምሮ መታሰብ አለበት።

ሞዴሉ ካስማማ ወረቀቱ ይታያል። እያንዳንዱ መኪና 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ቪን አለው፤ በፊት መስታወቱ ሥር በሹፌሩ በኩል ይነበባል፣ በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይም ተለጥፏል። ሁለቱ ከታይትሉ ጋር አንድ መሆን አለባቸው። በዚህ ቁጥር የናሽናል ሃይዌይ ትራፊክ ሴፍቲ አድሚኒስትሬሽን ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል መኖሩ በነፃ ይታያል። የመኪናውን ታሪክ የሚያሳየው ካርፋክስ ወይም አውቶቼክም ይወጣል። ካርፋክሱ ንጹሕ ነው ማለት ግን መኪናው አልተጋጨም ማለት አይደለም፤ ለኢንሹራንስም ለፖሊስም ሳይነገር ሰፈር ውስጥ የተጠገነ ግጭት እዚያ አይመዘገብም። የካርፋክሱ ትልቁ ጥቅም የማይል ታሪኩ ነው። ዘይት በተቀየረና ኢንስፔክሽን በተደረገ ቁጥር የተመዘገበው ማይል እየጨመረ መምጣት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ወይም ሦስት ዓመት ምንም ሳይመዘገብ ከቀረ፣ ገዢው ቆም ይበል።

ይህ ተራ ፍርሃት አይደለም። በዚያው የሃይዌይ ሴፍቲ መሥሪያ ቤት ግምት በአሜሪካ በዓመት ከ450,000 በላይ መኪኖች በሐሰት ማይል ይሸጣሉ። ቆጣሪው ዲጂታል መሆኑም ማይልን ከመቀነስ አላዳነም። ስለዚህ ዓይን ከቁጥሩ ወደ ፍሬን ፔዳሉ ይውረድ። 60,000 ማይል ያለው መኪና የፔዳሉ ጎማ መስመሩ ሊጠፋ አይገባም፤ መሪው በግራ እጅ በኩል ሊላጥ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ሊሰምጥ አይገባም። ፔዳሉ አዲስ፣ ወንበሩ ያረጀ ከሆነም መጠየቅ ነው።

መኪናውን ለማየት የሚመረጠው ጠዋት ነው፤ ሻጩም ሞተሩን እንዳያስነሳው ቀድሞ በስልክ ይነገረዋል። ገዢው እንደደረሰ እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፍ። ከሞቀ አንድ ሰው ቀድሞ አስነስቶታል፤ ምናልባት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚሰማው ድምፅ ወይም የሚወጣው ጭስ እንዳይታይ። ኮፈኑ ከቀዘቀዘ የዘይት መክደኛው ተፈትቶ ውስጡ ይታይ፤ እንደ ቡና ወተት የነጣ ዝቃጭ ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቁልፉ ሳያስነሳ ይዙር። በዚህ ጊዜ ቼክ ኢንጅን መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። መጀመሪያውኑ ካልበራ አምፖሉ ተነክቶ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ግን ገዢው 25 ዶላር ገደማ አውጥቶ የሚገዛት ትንሽ ስካነር ትበልጣለች። ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው በታች የስካነር ሶኬት አለው። ስካነሯ ኮድ ብቻ አታነብም፤ ሬዲነስ የሚባለውንም ታሳያለች፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር ራሱን መፈተሹን መጨረሱን። አንድ ሰው ትናንት ማታ ቼክ ኢንጅኑን ካጠፋው ፍተሻዎቹ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ሦስትና አራት ፍተሻ «ኖት ሬዲ» ከተባለ ወይ ባትሪው ተፈትቷል ወይ ኮዱ ተሰርዟል። ያኔ መኪናው ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና ይታይ እንጂ በዕለቱ አይገዛ።

የሙከራ ጉዞው ሰፈር ዞሮ መመለስ ሳይሆን እንደ 395 ወይም ቤልትዌይ ያለ ሃይዌይን የሚያካትት ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ጉዞ ነው። ሬዲዮው ይጥፋ። ማርሹ ሲቀያየር መንገጫገጭ፣ በ65 ማይል ፍጥነት መሪው መንቀጥቀጥ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን መሳብ፣ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ሲነዳ ቋ ቋ የሚል ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ በዶላር የሚተረጎሙ ናቸው። በበጋም ቢሆን ማሞቂያው፣ በክረምትም ቢሆን ኤሲው ይሞከር።

አሁን ከባዱ ቦታ መጣ። በዲሲ አካባቢ ሻጩ ብዙ ጊዜ የአገር ልጅ ነው። ቡና ይጋብዛል፣ ስለ ሰፈር ይጠይቃል፣ «ወንድሜ፣ ለራሴ ሰው መጥፎ መኪና እሰጣለሁ?» ይላል፤ ልቡም ቅን ሊሆን ይችላል። ሆኖም እሱ መኪናውን ከጨረታ ያመጣው ከሳምንት በፊት ነው፤ የሞተሩን ሆድ አያውቅም። ይሉኝታ እዚህ ላይ ሰውን ይጎዳል። የሚጠቅመው አረፍተ ነገር አጭርና ጨዋ ነው፦ «አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፣ ወንድሜ፤ መካኒኬ ካላየው ግን አልገዛም።» ከዲለሩ ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ ሊፍት ላይ አውጥቶ ለማየት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይጠይቃል። ማይሉ ለበዛ መኪና ከዚህ የተሻለ የሚወጣ ብር የለም። የቨርጂኒያ የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ስቲከር ይህን አይተካም፤ ፍሬን፣ ጎማና መብራት እንጂ የሞተርና የካምቢዮን ጤና አይመረምርም። ዲለሩ መኪናው ከግቢ አይወጣም፣ መካኒክም አይገባም ካለ ምክንያቱን መከራከር አያስፈልግም፤ ሌላ ዲለር መሄድ ነው። መካኒኩ ሳያይ ቀብድም አይሰጥ።

የመካኒኩ ዝርዝር ለሁለት ይከፈላል። ጎማ፣ ፍሬን ሸራ፣ ባትሪ፣ የሚያንጠባጥብ ትንሽ ዘይት ዋጋ ማስቀነሻ ናቸው። የሚንሸራተት ካምቢዮ፣ ውሃ የገባበት ዘይት፣ የዛገ ሻንሲ፣ የጎርፍ ምልክት ግን ዋጋው ምንም ቢቀነስ ተውኝ የሚሉ ናቸው። ጎርፍን ለማወቅ የደህንነት ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ይታያል፤ ጫፉ ላይ የውሃ መስመር ወይም ጭቃ ይቀራል። የስኮርት ጎማው ማስቀመጫም ተከፍቶ ይሽተት።

ዲለሩ መስታወቱ ላይ የሚለጥፈው ባየርስ ጋይድ የሚባል ወረቀት አለ፤ የፌዴራል ደንቡ ከ1985 ጀምሮ ይሠራል። «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት፣ መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ ዲለሩ ለጥገና አይጠየቅም ማለት ነው። ደንቡ ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቱም በስፓኒሽ እንዲሆን ያዛል፤ ስለ አማርኛ ግን ምንም አይልም። ድርድሩ በአማርኛ ሆኖ የሚፈረመው እንግሊዝኛ ስለሆነ «ካምቢዮው ከተበላሸ እኔ አለሁ» የተባለው ቃል ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ አልተባለም። በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚለው ወሬም ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ከዲለር ግቢ ለተገዛ መኪና እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት የለም።

በብድር የሚገዛ ሰው ከዲለሩ በፊት ክሬዲት ዩኒየን ይጠይቅ። ዲለሩ በወር ስንት ትችላለህ ሲል መልሱ ጠቅላላ ዋጋው መሆን አለበት። 9,000 ዶላር በ18 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ሲሆን በወር 229 ዶላር ገደማ ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን በድምሩ ከ13,700 ዶላር በላይ ይከፈላል። ያው 9,000 በ8 በመቶ ለ3 ዓመት ቢሆን በወር 282፣ በድምሩ 10,150 ገደማ ነው። 148,000 ማይል ላይ ያለ መኪና ላይ አምስት ዓመት መፈረም ማለት ካምቢዮው ወድቆም ዕዳው እየተከፈለ መቀጠሉ ነው። ብድሩ መጽደቁ በጽሑፍ ሳይረጋገጥም ቁልፍ ተቀብሎ መሄድ አደገኛ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ብድሩ አልተሳካም ተብሎ በባሰ ወለድ እንደገና ፈርሙ የተባሉ ገዢዎች አሉ።

ሁሉም ተስማምቶ መኪናው ከተገዛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተሩ ዘይት ከነፊልትሮው ይቀየራል፣ የካምቢዮው ዘይት ሁኔታም በመካኒክ ይታያል። ዘይቱ የተቀየረበት ማይል ማስታወሻ ላይ ይጻፋል። ከዚያ እስከ 1,000 ማይል ድረስ ነዳጅ በተሞላ ቁጥር፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ተጠርጎ እንደገና ይነከርና የዘይቱ ልክ ከማይሉ ጎን ይመዘገባል።