«ዚስ» እና «ዛት»፦ የሚንቀሳቀስ ነገር ስንጠቁም

የእንግሊዝኛ አመልካች ተውላጠ ስሞችን «ዚስ» ይህ፣ «ዛት» ያ፣ «ዚዝ» እነዚህ፣ «ዞዝ» እነዚያ ብለን ሸምድደናል። ነገሩ ሲንቀሳቀስስ? ይቺ ጥያቄ ፈተና ላይ ነጥብ አስጥላኛለች።

መልሱ የገባኝ መካነ ሰላም መናኸሪያ ቆሜ ነው። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ከሩቅ ሲታየኝ «ዛት»፣ አጠገቤ ሲቆም «ዚስ» ሆነ። አውቶቡሱ ያው ነው፤ የተለወጠው ከእኔ ያለው ርቀት ነው። ፊዚክስም እንቅስቃሴን የሚለካው ከማጣቀሻ ነጥብ ተነስቶ አይደል?

ተሳፍሬ ብሄድ ደግሞ አውቶቡሱ ቢከንፍም ለእኔ «ዚስ» ነው፤ ከኋላ የቀረው መናኸሪያ «ዛት» ይሆናል። አማርኛችን «ይህች»፣ «ያች» እያለ ጾታም ይለያል፤ የእንግሊዝኛዎቹ አራት ቃላት ግን ርቀትንና ቁጥርን እንጂ ጾታን አያሳዩም።

እናም ጓደኞቼ፣ ከመመለሳችሁ በፊት «ተናጋሪው የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ።