ሙቀት በግድግዳና በጣራ ውስጥ

በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. በጁባ ከተማ ተማሪዎች ከሙቀት ብዛት የተነሣ ራሳቸውን እየሳቱ በመውደቃቸው፣ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለሁለት ሳምንት ዘጋ። በዚያ አገር ብዙ የመማሪያ ክፍሎች የቆርቆሮ ናቸው። ቆርቆሮ ከጭቃ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚለይ በስሌት ማየት ይቻላል።

የግድግዳው ሁለት ገጾች የሙቀት መጠን ሳይለዋወጥ ሲቆይ፣ በአንድ ካሬ ሜትር የሚያልፈው ሙቀት የሚገኘው የሁለቱን ገጾች ልዩነት በቁሱ የማስተላለፍ አቅም አባዝቶ ለውፍረቱ በማካፈል ነው። ውፍረቱ 0.3 ሜትር፣ አቅሙ 0.6 ገደማ የሆነ የጭቃ ግድግዳ ውጩ 40፣ ውስጡ 30 ዲግሪ ቢሆን፣ 0.6 × 10 ÷ 0.3 = 20 ዋት ያሳልፋል። ይኸው 20 ዋት አቅሙ 50 ያህል በሆነ ግማሽ ሚሊሜትር ቆርቆሮ ቢያልፍ ግን፣ በላዩና በሥሩ መካከል የሚኖረው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ አምስት ሺኛው እጅ ብቻ ነው። ቆርቆሮ ዝናብን እንጂ ሙቀትን አይከለክልም፤ የላዩ ግለት ከሥር ለተቀመጠው ተማሪ ያው ሆኖ ይደርሳል።

እርግጥ ፀሐይ ስለምትዞር ሁኔታው ፈጽሞ የረጋ አይደለም፤ ለማመዛዘን ግን ስሌቱ ይበቃል። ንብርብር ሲኖር የእያንዳንዱ ውፍረት ለአቅሙ እየተካፈለ ይደመራል። ከቆርቆሮው ሥር አቅሙ 0.07 ገደማ የሆነ 10 ሳንቲሜትር ሣር ቢደረግ፣ ድምሩ ከዜሮ አጠገብ ተነሥቶ 1.4 ያህል ይሆናል፤ የጭቃው ግድግዳ 0.5 ብቻ ነው። ሣሩን ግን ምስጥና እሳት ስለሚፈታተኑት በየጊዜው መለወጥ ያስፈልጋል።