የቦይለር ከመጠን በላይ መሞቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና የደጋው ፊዚክስ

በጎንደር ከተማም ሆነ ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ የሚኖር ሰው የሙቅ ውሃን ጥቅም ጠንቅቆ ያውቃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብዙ ቤቶች መታጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ፣ በተለምዶ አጠራሩ «ቦይለር»፣ ተሰቅሎ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ቦይለር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ፣ እንዴት እንደሚመረመርና የአካባቢያችን ከፍታ በጉዳዩ ላይ ያለው ድርሻ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ይሞክራል።

ጉዳዩን እንዳጠናው ያነሳሳኝ በራሴ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት በተከራየሁት ቤት አንድ ማለዳ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ስከፍት በውሃ ፈንታ እያፏጨ የሚወጣ እንፋሎት እጄን ለበለበኝ። ትንሿ ልጄ ከአጠገቤ ቆማ ፊቷን ለመታጠብ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ኤሌክትሪኩን አጥፍተን፣ ቦይለሩ በሚገባ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን ስናነሳ የአደጋ ማቋረጫው በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ታልፎ አገኘነው። በባለሙያዎች አነጋገር «ዳይሬክት» ተደርጎ ነበር። ቀደም ሲል ማቋረጫው እየደጋገመ ኤሌክትሪኩን ሲቆርጥ ያስቸገረው ሰው፣ የሚቆርጥበትን ምክንያት በመመርመር ፈንታ የሚናገረውን አፍ ዘግቶታል።

ሦስቱ ጠባቂዎች

በውጭ አገር ስማር የማውቀው ቦይለር ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅ መሣሪያ ነበር። ያ መሣሪያ ከመጠን በላይ ሲሞቅ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃውን በቤቱ ውስጥ የሚያዘዋውረው ፓምፕ ነው፤ ሙቀቱ ተመርቶ የሚወስደው አጥቷልና። የእኛው የመታጠቢያ ቤት ቦይለር ግን ፓምፕ የለውም። ስለዚህ ጥያቄያችን «ሙቀቱን ማን ይውሰደው?» ሳይሆን «ማሞቁን ማን ያቁመው?» የሚል ይሆናል።

ለዚህ ሦስት ጠባቂዎች ተመድበዋል። የመጀመሪያው ቴርሞስታቱ ነው፤ ውሃው ወደተፈለገው ሙቀት፣ ለምሳሌ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሲደርስ ሬዚስታንሱን ያጠፋል። ሁለተኛው የአደጋ ማቋረጫው ነው፤ ቴርሞስታቱ ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር፣ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ክልል፣ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፤ በሰው እጅ ካልተጫኑትም ተመልሶ አይበራም። ሦስተኛው በቀዝቃዛው ውሃ መግቢያ ላይ የሚገጠመው ሴፍቲ ቫልቭ ሲሆን፣ የታመቀ ግፊትን ያስተነፍሳል፤ ውሃው ወደመጣበት እንዳይመለስም ያግዳል።

ፍጥነትና መድረሻ የተለያዩ ናቸው

ብዙ ሰው ቦይለሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የኤሌክትሪኩን መብዛት ይወቅሳል። እውነት ነው፤ የሬዚስታንስ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ 220 ቮልት ወደ 240 ከፍ ቢል ኃይሉ በ19 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ የሚለውጠው ግን ውሃው የሚሞቅበትን ፍጥነት እንጂ የሚደርስበትን ሙቀት አይደለም። ቴርሞስታቱ ጤነኛ ከሆነ ቶሎ የሞቀውንም ዘግይቶ የሞቀውንም በ60 ዲግሪ ያቆመዋል።

በቁጥር እንየው። 50 ሊትር የሚይዝና ባለ 1500 ዋት ቦይለር ውሃውን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። የቴርሞስታቱ መገናኛ ጫፎች በብልጭታ ተጣብቀው ማቋረጥ ካቃታቸው፣ በተጨማሪ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ውሃው 93 ዲግሪ ይደርሳል። ማታ አብርቶ የተኛ ሰው እንግዲህ ከሦስት ሰዓት በኋላ ራስጌው የሚፈላ በርሜል አለ ማለት ነው።

93 ዲግሪ ለምን?

ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት በላዩ ካረፈው ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ስለሆነ ነጥበ ፍሌቱ 100 ዲግሪ ነው። 2100 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎንደር ግን ግፊቱ ወደ 78 ኪሎፓስካል ዝቅ ስለሚል ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደባርቅ ወደ 90 ይወርዳል፤ በራስ ደጀን አናት ደግሞ ወደ 85። የደባርቅ እናቶች ባቄላ ለማብሰል ከቆላ ዘመዶቻቸው ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚፈጅባቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የፈላው ውሃቸው ያን ያህል ትኩስ አይደለምና።

ይህ ለቦይለር ምን ትርጉም አለው? በሣራው ላይ ያለው ሮቶ ከቦይለሩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ውሃ እስካለው ድረስ የውሃው ክብደት 29 ኪሎፓስካል ያህል ይጨምራል፤ በጎንደር ነጥበ ፍሌቱም ወደ 102 ዲግሪ ይመለሳል። ነገር ግን ውሃ የጠፋበትን ቀን እናስብ። ሮቶው ባዶ ነው፤ አንድ ሰው የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ ጠብታ ሲያጣ ሳይዘጋው ሄዷል። አሁን በቦይለሩ ውስጥ ያለው ግፊት የአየሩ ግፊት ብቻ ነው። ቴርሞስታቱ ከተበላሸ ውሃው በ93 ዲግሪ መፍላት ይጀምራል፤ በ95 ዲግሪ እንዲነቃ የተሠራው ማቋረጫም ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ውሃው በሰዓት 2.4 ሊትር ያህል እየተነነ ሌሊቱን ይጎድላል። ሴፍቲ ቫልቭ ያልተገጠመለት ከሆነ ደግሞ ውሃው በመግቢያው በኩል ተመልሶ ሊፈስስ ይችላል። ሬዚስታንሱ ደረቅ ሲቀር ውሃ የሌለው ድስት እሳት ላይ እንደመጣድ ነው።

ሮቶ በሌለበትና ቦይለሩ በቀጥታ ከከተማው መስመር ጋር በተያያዘበት ቤት አደጋው መልኩን ይለውጣል። ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ውሃው 130 ዲግሪ ደርሶም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። በርሜሉ በድንገት ቢቀደድ ከውሃው 7 በመቶ ያህሉ፣ ይኸውም ወደ 3 ኪሎ ተኩል የሚጠጋው፣ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ይህ በጎንደር የአየር ግፊት 7 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይይዛል፤ የአንድ አነስተኛ መታጠቢያ ቤት ሙሉ ይዘት ማለት ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፦ ቧንቧው እንፋሎት ከተፋ ወይም ቦይለሩ ካጉረመረመ ብሬከሩን ያጥፉ። ቧንቧ አይነካኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃም አይልቀቁበት። ከክፍሉ ወጥተው እስኪቀዘቅዝ በርካታ ሰዓታት ይጠብቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ በባለሙያ የሚከናወን ነው።

ሁለተኛ፦ ማቋረጫው መቼ እንደቆረጠ ይጠይቁ። ከቀዝቃዛ ውሃ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከቆረጠ በርሜሉ ጎድሏል ወይም ሬዚስታንሱ በኖራማ ቅርፊት ተሸፍኗል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ቅርፊቱ ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳይሄድ ስለሚያግድ የሬዚስታንሱ አካባቢ ብቻውን ይግላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ ከቆረጠ ግን ዋናው ተጠርጣሪ ቴርሞስታቱ ነው።

ሦስተኛ፦ ውሃው ገና ሞቅ እንዳለ ቴርሞስታቱ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይዙር። ሲያቋርጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መሰማት፣ መልቲሜትሩም መስመሩ መቋረጡን ማሳየት አለበት። አሁንም ዜሮ ኦም ካሳየ ጫፎቹ ተጣብቀዋል፤ መፍትሔው መለወጥ ነው።

አራተኛ፦ የ1500 ዋት ሬዚስታንስ በ220 ቮልት 32 ኦም ገደማ ሊለካ ይገባል። በሬዚስታንሱና በበርሜሉ አካል መካከል ግን ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ካለ፣ ቦይለሩ ከማሞቁም በላይ ሰው ይይዛል። ቴርሞስታቱ የሚያቋርጠው ፌዙን መሆኑም ይረጋገጥ።

አምስተኛ፦ ሴፍቲ ቫልቩ ሲንጠባጠብ ብልሽት ነው ብለው አይድፈኑት። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ0.8 ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ ያ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚንጠባጠብ ቫልቭ ሥራውን የሚሠራ ቫልቭ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የደጋ ነዋሪ በሞቀ ውሃና በሚፈላ ውሃ መካከል ያለው ርቀት ከቆላው ነዋሪ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቴርሞስታቱን ከ60 ዲግሪ ብዙም አለማሳለፍ፣ ውሃ በጠፋ ቀን ቦይለሩን ማጥፋትና ቧንቧውን መዝጋት፣ የተከራዩትን ቤት ቦይለር ከመጠቀም በፊት አንድ ጊዜ ማስመርመር ይገባል። የእኛ ቤት ቦይለር ቴርሞስታቱም ማቋረጫውም ተለውጠውለት ለዓመታት በደኅና ሠርቷል፤ ወጪውም ከአዲስ ቦይለር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ማቋረጫው ደጋግሞ ሲቆርጥ ቤተሰቡን እያስቸገረ ሳይሆን ሌላው ጠባቂ እንደተኛ እየነገረ ነው። ያን ጊዜ የሚጠራው ባለሙያ የመጣው መንስኤውን ለመፈለግ ነው ወይስ ሽቦ ለማገናኘት? ባለቤቱ ይህን መጠየቅና መልሱን ቆሞ ማየት አለበት።