ድርቀቱ ከመንቀጥቀጡ ቀደመ

ጥያቄ፦ አባቴ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው በቅርቡ ተነገረን። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ግን የሆድ ድርቀት ያሠቃያቸው ነበር። ሁለቱ ይገናኛሉ? (ሰ.፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ በብዙ ታማሚዎች ዘንድ ድርቀቱ ይቀድማል። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ሃይኮ ብራክ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕመሙ ከአንጀት ሊነሣ ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር።

በአንጀት ግድግዳ ላይ እዚህም እዚያም ተሰበጣጥረው የሚገኙ ሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት አሉ። የተበላውን ምግብ እየለዩ ለአንጎል ወሬ ያቀብላሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ አልፋ ሲኑክሊን የተባለውን ፕሮቲን አገኙ፤ ሕዋሳቱ ከነርቭ ጋር እንደሚገናኙም አሳዩ። በፓርኪንሰን ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ቅርጹ ተበላሽቶ የሚጠራቀመው ይኸው ፕሮቲን ነው። ከሆድ ተነሥቶ አንጀትንና አንጎልን በሚያገናኘው በቬገስ ነርቭ ሽቅብ ይወጣል የሚለው ግን ገና መላምት ነው። ድርቀት ያለበት አብዛኛው ሰውም ፓርኪንሰን አይይዘውም፤ ስለዚህ እርስዎ ሆድዎ በደረቀ ቁጥር አይስጉ።

ለአባትዎ ድርቀት ውሃ፣ ጎመን፣ ምስርና የእግር ጉዞ ይጠቅማሉ። ሌቮዶፓ የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ካላቅለሸለሻቸው፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይዋጡት፤ ሥጋና እንቁላል የመሰለ ፕሮቲን መድኃኒቱን ይሻማዋል። ሰዓቱን ከነርቭ ሐኪማቸው ጋር ይወስኑ፤ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። በሰገራቸው ደም ከታየ፣ ያለምክንያት ከከሱ፣ ወይም ሆዳቸው ተነፍቶ ካስመለሳቸው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይውሰዷቸው።