መስኮቱን ስክሪን ሙሉ ማድረግ፤ ከዚያስ እንዴት ይወጣል?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን ሦስታችን ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ይዘን ስለ ደም ዝውውር ልናስተምር ስምንተኛ ክፍል ገባን። ከብራውዘሩ የከፈትነው ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ትንሽ ሆነና ከኋላ የተቀመጡት «አይታይም!» አሉ። አንዳችን ኤፍ 11ን ጫን ሲያደርገው ሥዕሉ ግድግዳውን ሞላው፤ ደስ አለን። ጉዱ የመጣው ወደ ሁለተኛው ፋይል መሄድ ስንፈልግ ነው። ኢስኬፕን ተጫንን፤ ደግመን ተጫንን፤ ወይ ፍንክች! መዝጊያው አይታይ፣ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር አይታይ። ጨነቀንና ማብሪያውን ይዘን አጠፋነው። እንደገና እስኪነሣ ስንጠብቅ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሩቡ አለቀ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እዚያችው ኤፍ 11 ላይ መድገም እኮ ነበር» አለን።

ልጁ ልክ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነውም፣ እንዴት እንደሚገባ ሁሉም ሲያስተምር እንዴት እንደሚወጣ የሚናገር ጥቂት ሆኖ ስላገኘነው ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ማስፋት ነው። መስኮቱ ስክሪኑ እስከቻለው ይለጠጣል፤ ነገር ግን ከላይ የመስኮቱ ርእስ፣ ከታች ደግሞ ሰዓቱና የፕሮግራሞቹ ምልክት የተደረደረበት መስመር በቦታቸው ይቆያሉ። ሁለተኛው ሙሉ ስክሪን የሚባለው ነው፤ እነዚያ ሁሉ ተሰውረው ትምህርቱ ብቻ ይቀራል። በማስፋት ብቻ የተወሰነ መምህር፣ ከላይ የተደረደሩትን የከፈታቸውን ገጾች ስም ተማሪው አንድ በአንድ እያነበበለት እንደሚያስተምር ይወቅ።

ይህ ልዩነት ዱሮ አልነበረም። በዶስ ዘመን የተማሩ መምህሮቻችን እንደሚያስታውሱት አንዱ ፕሮግራም ስክሪኑን በሙሉ ይዞ ስለሚሠራ መስኮት የሚባል ጣጣ አያጋጥምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶችን እንደ ሸክላ ንጣፍ ጎን ለጎን ይደረድር ነበር። በ1987 የወጣው ሁለተኛው ዝርያ ግን አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ ቻለ፤ የዛሬዎቹ የማስፋትና የማሳነስ ስያሜዎችም ከዚያው ጋር መጡ።

ወደ ሥራው እንግባ። በዊንዶውስ ለማስፋት የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት መጫን ይበቃል። ለሙሉ ስክሪን በብራውዘር ኤፍ 11 ነው። ዎርድ ላይ ግን ኤፍ 11ን ቢጫኑት ስክሪኑ አይሞላም፤ ቁልፉ እዚያ ሌላ ሥራ አለው። ፓወር ፖይንት በኤፍ 5 ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል፤ ሺፍትን ይዘው ኤፍ 5ን ሲጫኑ ደግሞ ካሉበት ገጽ ይቀጥላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ይህችኛዋ ባለውለታ ናት። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ 5ም ሆነ ኤፍ 11 ድምፅ ወይም ብርሃን መቀነሻ ሆነው ስለሚሠሩ፣ እምቢ ካሉ ኤፍ ኤን የምትለዋን ቁልፍ አብሮ መያዝ ነው።

ማክ ለየት ይላል። ከመስኮቱ በላይ በግራ በኩል ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነጥቦች አሉ። አረንጓዴው ዱሮ መስኮቱን ማስፊያ ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ግን ሙሉ ስክሪን ያደርጋል። ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ይዞ ቢጫኑት የዱሮ ሥራውን ይሠራል። በቁልፍ ለሚወድ ኮንትሮል፣ ኮማንድና «ኤፍ» ፊደል አንድ ላይ ናቸው፤ መውጫውም እነርሱው ናቸው። የላይኛው ዝርዝር ጠፋ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ቀስቱን እስከ ስክሪኑ ጫፍ ሽቅብ ቢገፉት ብቅ ይላል። ፓወር ፖይንት በማክ ከመጀመሪያው የሚጀምረው ኮማንድ፣ ሺፍትና ሪተርን አንድ ላይ ሲጫኑ ነው።

ኡቡንቱ ለዊንዶውስ ይቀርባል። በፋየርፎክስ ኤፍ 11፣ በሊብሬ ኦፊስ የገለጻ ፕሮግራም ኤፍ 5 ይሠራሉ። የሊብሬ ኦፊስን የጽሑፍ መስኮት ለመሙላት ግን ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ጄ» ናቸው። ይህችን ማንም በግምት አያገኛትም፤ መሸምደድ ነው።

ታዲያ ኢስኬፕ እኛን ለምን እምቢ አለን? ነገሩ ሙሉ ስክሪኑን ማን ጠየቀ የሚለው ላይ ነው። ዩቲዩብን የመሰለ ገጽ በራሱ ቁልፍ ስክሪኑን ሲሞላ፣ ብራውዘሩ «ለመውጣት ኢስኬፕን ተጫኑ» የሚል ማስታወቂያ ያወጣል። ምክንያቱም አንድ አታላይ ገጽ ስክሪኑን ሞልቶ የባንክ ገጽ ሊመስል ስለሚችል፣ ሰውየው መውጫውን ማወቅ አለበት። ኤፍ 11ን ግን የጫነው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ መመለሻውም ያው ኤፍ 11 ነው። የፓወር ፖይንትን ገለጻ ኢስኬፕ ያስቆመዋል። በዊንዶውስና በኡቡንቱ መውጫው ጨርሶ ቢጠፋብን እንኳ አልትን ይዘን ታብን ብንጫን ወደ ሌላው መስኮት መሻገር እንችል ነበር፤ ማክ ላይ ደግሞ ኮማንድና ታብ ናቸው። ላፕቶፑን ማጥፋት ምንም አያስፈልግም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ክፍል ስንመለስ ተማሪ ሳይገባ አሥር ደቂቃ ቀድመን ፕሮጀክተሩን ሰክተን ቴሌግራሙን ዘጋን፤ እያንዳንዱን ፋይል ገብተንበት ወጣንበት። አንድ ነገርም ተጨማሪ አገኘን። በፓወር ፖይንት ገለጻ መካከል «ቢ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጫኑ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ሲደግሟት ገጹ ይመለሳል። ጥያቄ በጠየቅን ቁጥር ስናጠቁረው፣ ግድግዳው ላይ ተተክሎ የነበረው ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።