የባለሱቅ የዓመት ዕቅድና የዱቤ ደብተር

በመስከረም መባቻ ብዙ ባለሱቅ «ዘንድሮ ዱቤ አልሰጥም፤ በሰው እጅ ያለውንም ገንዘብ ሁሉ እሰበስባለሁ» ብሎ ቁርጥ አሳብ ያደርጋል። ኅዳር ሳይገባ ግን ደብተሩ እንደ ቀድሞው ይሞላል፤ የጅምላ ነጋዴው ሒሳብ ሲደርስም መክፈያ ይታጣል። ጉድለቱ የትጋት አይደለም፤ የዕቅዱ ነው። ዱቤን ፈጽሞ የከለከለ ባለሱቅ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ሱቅ ያስረክባልና።

ለምሳሌ 24,000 ብር በ30 ደንበኞች እጅ የቀረበት ነጋዴ ይታሰብ። «ሁሉን እሰበስባለሁ» የሚለው አሳብ የሚጀመርበት ቀን የለውም። በሳምንት 500 ብር ቢል ግን በ48 ሳምንት ይፈጸማል፤ ዓመቱ 52 ሳምንት ስለሆነ ለበዓልና ለክረምት 4 ሳምንት ይተርፋል። ይህን ትርፍ ሳይተው የሚያቅድ ሰው በመጀመሪያው መሰናክል ተስፋ ይቈርጣል።

ሆኖም መክፈል የባለዕዳው ፈንታ ነው፤ መጠየቅና መመዝገብ ግን የነጋዴው ነው። ስለዚህ ዕቅዱ «500 ብር አገኛለሁ» ከማለት ይልቅ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ባለዕዳዎችን በትሕትና አነጋግራለሁ፤ የከፈሉትንም የቀጠሩትንም ቀን እጽፋለሁ» ቢል ይሻላል። ይህ በገዛ እጁ ያለ ሥራ ነው፤ 30ውም በ10 ሳምንት ይዳረሳሉ። 500 ብሩ የሥራው መለኪያ ሆኖ ይቈያል። እቁብተኛ ሁሉ የተወሰነ መጠንና የታወቀ ቀን ያለውን ኃይል ያውቃል።

ለአዲስ ዱቤ ለብቻው ገጽ ይከፈትለት፤ ከአሮጌው ጋር ከተቀላቀለ ስንት እንደ ተሰበሰበ ማወቅ አይቻልም። አሮጌውን ሳይጨርስ አዲስ የሚጠይቅ ደንበኛም ከቀድሞው ጥቂት ከፍሎ ይውሰድ። ለአስመጪም ቢሆን ስሌቱ ይኸው ነው፤ ቍጥሩ ይከብዳል እንጂ።