በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ራስን መሳት

በጥርስ ክሊኒክ በብዛት የሚያጋጥመው ድንገተኛ ችግር ራስን መሳት ነው። ከፍርሃት ወይም ከሕመም የተነሣ የደም ግፊት በድንገት ይወርድና ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ያንሳል። የሐኪሙ ዓይን ጥርሱ ላይ ስለሚሆን፣ የታካሚው ፊት ሲገረጣና ሲያልበው ቀድሞ ሊያይ የሚችለው ረዳቱ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ረዳት የሚከተሉትን ተለማምዶ ማወቅ አለበት፦

1. በአፍ ውስጥ ያለውን መሣሪያና ጥጥ ማውጣት፣ ወንበሩን ዘርግቶ ታካሚውን ማስተኛትና እግሩን ከፍ ማድረግ፤

2. ታካሚዋ ከ5 ወር በላይ ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ ማስተኛት፤ በጀርባዋ ስትተኛ ማሕፀኗ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋልና፤

3. ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አለመስጠት፤ ክብሪት ማሽተትም አይጠቅምም፤

4. ትንፋሽ ከሌለው ወዲያው እርዳታ ማስጠራትና ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን።

ከእናንተስ ምን ይጠበቃል? ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ። የወር አበባ ከዘገየ፣ ስኳር፣ አስም፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ የምትወስዱት መድኃኒትም ካለ፣ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጡ ተናገሩ። ረዳቱ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ያልነገራችሁትን ሊያውቅ አይችልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።